ለቤት ሙዚቃ ላፕቶፑ ይበቃኛል ወይስ ስትሪመር ልግዛ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ከደሴ ነኝ። አባቴ የተወልኝ አሮጌ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሉኝ። ቴፑ ከሞተ ቆየ፤ ካሴቶቹን ግን ቀድሜ ኮምፒውተር ላይ ገልብጫቸዋለሁ። አሁን ከላፕቶፑ የኤርፎን ቀዳዳ ወደ አምፕሊፋየሩ በጃክ ገመድ አገናኝቼ ነው የማዳምጠው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እምምም የሚል ጉምጉምታ አለው። ጭፈራው ላይ አይታወቅም። አምባሰል ላይ ዘፋኟ ትንፋሽ ልትስብ ዝም ስትልና ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። አንድ ሻጭ «ላፕቶፕ ለሙዚቃ አይሆንም፣ ስትሪመር ግዛ» አለኝ፤ ራሱ ሙዚቃ ከኔት እየሳበ ለአምፕሊፋየር የሚሰጥ ዕቃ ነው። የጠራልኝ ዋጋ በሬ ይገዛል! እናቴም ሐሙስ ማታ መንዙማ ሲያምራት ላፕቶፑ ያናድዳታል፤ «ይሄ እስኪነሳ አቦሉ አለቀ» ትላለች። ምን ትሉኛላችሁ?

ኮምቦልቻ ሰፈር፦
አብሽር። ብር ከማውጣትህ በፊት ሙዚቃው እየሄደ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀል። ጉምጉምታው ወዲያው ከጠፋ ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። በቻርጀሩ በኩል የመጣው ጅረት በጃክ ገመዱ አድርጎ አምፕሊፋየሩ ውስጥ እየገባ ነው። የምትሰማው የመብራቱን 50 ኸርዝ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በገመዱ መሃል የምትገባ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፤ ውስጧ ያለው ትራንስፎርመር ሙዚቃውን አሳልፎ ያንን ጅረት ያግዳል። የቻርጀሩን ሦስተኛ እግር ግን እንዳትሰብር! አንዳንዱ ይመክራል፣ እንዳትሰማው። ኤርዙ ለነፍስህ ነው የተሠራው።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ጋ ክሮምካስት ኦዲዮ የምትባል የጉግል ትንሽ ስትሪመር አለች፤ በፈረንጆቹ 2015 ወጥታ 2019 ላይ ምርቷ የቆመ። ስልኬ ላይ መርጬ እለቅቃለሁ፣ ከዚያ ራሷ ከኔት ትስባለች። ስልክ ቢደወል ሙዚቃው አይቋረጥም። ከሲዲ በላይ ጥራት ያለውን፣ እስከ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ድረስ ታጫውታለች።

ላንተ ግን አልመክርህም። ዋይፋይ ሲጠፋ ድንጋይ ናት። ከኔት ስታዳምጥ ደግሞ ጥራቱ በሰከንድ 320 ኪሎቢት ከሆነ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይሄዳል፤ ፓኬጅህን አስበው። አንተ ሙዚቃው እጅህ ላይ ነው። ካሴት በ24 ቢት ዕቃ ቢያልፍም ያው ካሴት ነው፣ ሽሽ የሚለው ድምፁ እንኳ አይጠፋም።

ወልድያ፦
ለእናትህ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ከነዳክ ካርዱ (ዲጂታሉን ሙዚቃ አምፕሊፋየሩ ወደሚቀበለው ሲግናል የሚቀይረው) ብትሠራላቸውስ? ቮሉሚዮ የሚባለውን ሶፍትዌር ጫንበት፣ ካሴቶቹን በፍላሽ ሰካ። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የራሱን ዋይፋይ ስለሚለቅ በስልካቸው ከፍተው ይመርጣሉ። ፓዩ የኤርፎን ቀዳዳ ቢኖረውም ግን አትጠቀምበት፣ ድምፁ ደካማ ነው።

የጦሳ ልጅ፦
ወላሂ ኮምቦልቻ፣ እጅህ ይባረክ! ቻርጀሩን ነቀልኩት፣ ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ቤት ውስጥ የቀዳው አንድ የማሲንቆ ካሴት አለ። ከኋላው ሲኒ ረከቦት ላይ ሲደረደር ይሰማል፤ እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። እናቴን ጠራኋትና «ያ የተሸረፈው ሲኒ ነው» ብላ ሳቀች። እንዴት እንደለየችው እሷ ታውቃለች።

ፓዩን ቀስ ብዬ አስብበታለሁ። የላፕቶፑ ባትሪ ግን የያዘው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ብቻ ነው። ያቺን አይሶሌተር ደሴ ፒያሳ ያየ አለ?