ደሴ ተዳፋት ላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ባለ ግቢ ነው። አራት ቤተሰብ የምንጋራው የሽንት ቤት ጉድጓድ ሞልቷል፤ መንገዱ ጠባብና ደረጃ የበዛበት በመሆኑ መጣጭ መኪና አይደርስም፤ ሌላ እንዳንቆፍር ከአንድ ሜትር በታች አለት ነው። ክረምት ሲገባ ፍሳሹ ወደ ታችኞቹ ጎረቤቶቻችን፣ ከዚያም ወደ ቦርከና ወንዝ ሲወርድ ማየት ያሳፍረኛል። ጥልቅ ጉድጓድ የማይፈልግ መፀዳጃ እንዴት ይሠራል?

መልስ (የግንባታ ባለሙያ)፦
ለእናንተ የሚስማማው ሽንትንና ሰገራን የሚለይ ደረቅ መፀዳጃ ነው። ከመሬት በላይ በብሎኬት ሁለት ክፍሎች ይሠራሉ። ሽንቱ ከመቀመጫው ፊት ለፊት በቱቦ ወደ ጀሪካን ይሄዳል፤ ሰገራው ከኋላ ወደ ክፍሉ ይወድቃል፤ በተጠቀሙ ቁጥርም አመድ ይነሰነስበታል። አንዱ ሲሞላ ይታሸግና ሌላው ይከፈታል። ተዳፋቱ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፤ የመጥረጊያው በር በታችኛው በኩል ስለሚሆን ለመክፈት ይቀላል።

ጥንቃቄ የሚሻው የመቆያው ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ አካባቢ የታሸገው ክፍል ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት መቆየት አለበት። የወስፋት እንቁላል በብርድ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ እንደ ደሴ ባለ ደጋ ከተማ ይህን ማሳጠር ተገቢ አይደለም።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦
ከባለሙያው ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በወሎ ግቢዎች ብዙዎቻችን ከተጸዳዳን በኋላ የምንታጠበው በማንቆርቆሪያ ውሃ ነው። እኛ ይህን ሳናስብ ሠርተን ውሃው ወደ ደረቁ ክፍል ገባ፤ ሽታውና ዝንቡ ከቀድሞው ባሰ። በኋላ ከመቀመጫው ጎን የተለየ መታጠቢያ አበጅተን ውሃውን ጠጠር ወደተሞላ ጥልቀት የሌለው ቦይ ስንመራው ተስተካከለ። ሽንቱን ግን አትድፉት፤ አንድ ሰው በዓመት ወደ 500 ሊትር ይሸናል። ክዳኑ በጠበቀ ጀሪካን ቢያንስ አንድ ወር አቆይታችሁ፣ ለአንድ እጅ ሦስት እጅ ውሃ ጨምራችሁ፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ ብታፈሱት ለጌሾውም ለበቆሎውም ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፤ መታጠቢያውን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ከአራቱ ቤተሰቦች ሁለታችን በኤሌክትሪክ ስለምናበስል ግን አመዱ ባይበቃስ?

መልስ (የግንባታ ባለሙያ)፦
ኖራ ቀላቅሉበት። ደረቅ አፈርም እርጥበቱን ይመጥጣል፤ ነገር ግን አመድና ኖራ እንደሚገድሉት ጀርም ስለማይገድል፣ አፈር ብቻ ከተጠቀማችሁ ሙሉ ሁለት ዓመት ጠብቁ።