የመስከረም 21 የጋራ ዕቅድ፦ ረቂቁ ተለጥፏል፣ እስከ ዓርብ አስተያየት

ጸሐፊ
ረቂቁን ለጥፌያለሁ። ሦስቱ እድሮችና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኞች በአንድ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማው ማኅበራዊ ጉዳይ የምናስገባው ነው። በዓለም አረጋውያን ቀን፣ መስከረም 21፣ በአዳራሻችን የሕግ ምክር ይሰጥ። ኑዛዜ፣ ውክልና፣ ስጦታ፣ ቀለብ። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ይቀጥል። ኑዛዜ ለሚያደርግ ሰው አራት ምስክር ስለሚያስፈልግ ፈቃደኞች ስማችሁን አስገቡ። ወጪው 14 ሺህ ብር ነው፤ ፎቶ ኮፒ፣ የዘጌ አባላት ጀልባና ምሳ።

ነርሷ
ቶሎ ይግባ። እትዬ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ልጃቸው "ውክልና ነው" ብሎ ያመጣውን ወረቀት ፈረሙ። ስጦታ ሆኖ ተገኘ። አሁን በገዛ ግቢያቸው ሰርቪስ ቤት ነው የሚያድሩት። ለምስክርነቱ እኔን ጻፉኝ።

የቀበሌ 14 አባል
እኔም አለሁ።

የሽምብጥ እድር ሰብሳቢ
ከእኛ ሦስት ሰው ጻፍ።

ገንዘብ ያዥ
ምሳው ምንድን ነው? ቀኑ ረቡዕ መሆኑን ያየ ሰው አለ?

ጸሐፊ
ዓሣ ነው። ከአጥማጆቹ በቀጥታ ከገዛን ይረክሳል። ቆሮሶ ጥብስና ሽሮ።

ገንዘብ ያዥ
ረቡዕ ዓሣ! በእድር ገንዘብ! አልፈርምም።

የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ
ምን አለበት? አባቴ አጥማጅ ነበር። በዓቢይ ጾም ነበር ገበያው የሚደራው። ያ ሁሉ ገዥ ከየት ይመጣ ነበር?

የዘጌ አባል
ሰው ስለገዛ ተፈቀደ ማለት ነው? እኔ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥር ነው ያደግሁት። ውኃው ደጃችን ላይ ነው፣ በጾም ዓሣ ቤታችን ገብቶ አያውቅም።

የሕግ ተማሪው
ስለ እትዬ ጉዳይ አንድ ነገር ልበል። ቤት በስጦታ የሚተላለፈው በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ነው። በምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት። ያ ካልተደረገ ስጦታው አይጸናም። ወረቀቱን ያየው ሰው አለ? ውክልና ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው፣ የሰጠው ሰው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል።

ገንዘብ ያዥ
ልጄ፣ መጀመሪያ የምሳውን እንጨርስ።

የፋሲሎ አባል
እኛ ሙስሊም አባላት ዓሣ ያልነው እኮ ለዚሁ ነው። ሥጋ ሲሆን ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት ነው። ዓሣ ከሆነ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ባለፈው ዓመት ተስማምተን አልነበር?

ገንዘብ ያዥ
ባለፈው ዓመት ቀኑ ረቡዕ አልነበረም።

የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ
አንተ መቼ ጀምሮ ነው ጿሚ የሆንከው? በፋሲካ ማግሥት የተከራየውን የድንኳን ሒሳብ እስካሁን አላወራረድክም። እሱ ላይ ነበር መጨነቅ።

ገንዘብ ያዥ
ድንኳኑ ተቀድዶ ነው የተመለሰው! ካሣ የጠየቅሁት ለማን ብዬ ነው? ለእናንተ ፋብሪካ ልቅሶ አይደለም እንዴ የወጣው? ከፈለጋችሁ ደብተሩን ተረከቡኝ።

የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ
የእኛ ሰው ይህች ከተማ ከተማ ሳትሆን ፋብሪካ የገባ ነው። በ1953። ልቅሶው በድንኳን አይለካም።

የሽምብጥ እድር ሰብሳቢ
በቃ! ሁለታችሁም ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። ልጆች ያነቡታል።

የዘጌ አባል
ደግሞ መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው። ግማሹ አባል ወሎ ይሄዳል። ማን ሊመጣ ነው?

ጸሐፊ
ቀኑን ካዛወርነው የአረጋውያን ቀን መሆኑ ይቀራል። ክፍለ ከተማው ባነርና ድምፅ ማጉያ የሚሰጠው ለቀኑ ነው።

የቀበሌ 14 አባል
ምስክር የሆነ ሰው በኋላ ፍርድ ቤት ይጠራል ወይ?

የሕግ ተማሪው
ወራሾች ከተካሰሱ ሊጠራ ይችላል።

የቀበሌ 14 አባል
እንግዲያው ስሜን አውጡልኝ። የሰው ልጆች ጠላት አልሆንም።

የሽምብጥ እድር ሰብሳቢ
የእኛዎቹ ሦስቱም ስልክ አያነሱም። ለጊዜው ተዋቸው።

የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ
አራት ምስክር ለምን አስፈለገ? ሰው በአፉ ተናግሮ፣ ሁለት ሽማግሌ ሰምቶ አይበቃም?

የሕግ ተማሪው
ጋሼ፣ የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ይሆናል። ግን የቀብርን ነገር፣ የትንንሽ ልጆችን ሞግዚትና ለአንድ ሰው ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው የሚይዘው። ሕጉ የ1952 ነው፣ ብሩም የዚያን ጊዜ ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ይፈርሳል። ቤት በዚህ አይተላለፍም። መጻፍ የሚችል ሰው ግን ኑዛዜ መሆኑን ገልጦ ሙሉውን በእጁ ጽፎ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ካደረገ ምስክር አያስፈልገውም። ለማይጽፉት ደግሞ ከምስክሮቹ አንዱ ሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። ስለዚህ የምስክር ተራ ማውጣቱን ትተን ሰዎቹን ወደ ውልና ማስረጃ ማጓጓዝ ይቻላል። ከምሳውም ይረክሳል።

የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ
500 ብር! የሁለት ሰው ዓሣ አይሆንም።

ገንዘብ ያዥ
ዓሣውን አታንሣብኝ አልኩህ።

ነርሷ
ሕዝቤ፣ ልጁ የተናገረውን ያነበበ የለም? ቀለብስ? የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲቀልብ ያስገድዳል። ትናንት ለእትዬ ነገርኳቸው። "ልጇን ከሰሰች ከምባል ይቅር፣ ሰርቪሱም ይበቃኛል" አሉኝ። አንድ ሰው አብሯቸው ካልተቀመጠ በባነር የሚሆን ነገር አይደለም።

የሽምብጥ እድር ሰብሳቢ
ለእሱ ሽማግሌ ይላካል። ልጁ የእድራችን አባል ነው። እኔ እነግረዋለሁ።

ነርሷ
እርስዎ በሚያዝያም እነግረዋለሁ ብለው ነበር።

የፋሲሎ አባል
እኔ የምለው፣ ምሳው ሽሮና ምስር ወጥ ይሁን። ዓሣ ለሚበላ በሌላ ቀን።

የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ
ይሁን። ገንዘብ ያዥ፣ ስለ ድንኳኑ ያልኩህን ተወው። ተናድጄ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ይቅር ለእግዚአብሔር። እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እውነት ለመናገር ድንኳኑ አልቋል። ክረምቱን አያልፍም። ደብዳቤ የምናስገባ ከሆነ ለምን እሱንም አንጠይቅም?

የዘጌ አባል
ጥሩ ሐሳብ። ወንበርም ጨምሩ። አረጋዊ ሰው መሬት ላይ አይቀመጥም።

የሽምብጥ እድር ሰብሳቢ
ድንኳኑን አንደኛ አድርጉት። ለሽማግሌም፣ ለልቅሶም፣ ለስብሰባም ይሆናል። ቢሮ የሚታይ ነገር ነው የሚወደው።

ጸሐፊ
ሁለተኛው ረቂቅ። ቀን፦ ከግሸን መልስ ያለው ቅዳሜ። ምሳ፦ ሽሮና ምስር። ጥያቄ፦ አንድ ትልቅ ድንኳን፣ 100 የፕላስቲክ ወንበር፣ ባነር ከተገኘ። የሕግ ምክር፦ ጊዜ ከፈቀደ ከምሳ በፊት፣ ተማሪዎች ከመጡ። የወር ቅዳሜው ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። የምስክሮች ተራ ወጥቷል፣ ስም የቀረው የነርሷ ብቻ ስለሆነ። የዘጌ ጀልባም ወጥቷል፣ ገንዘቡ ለድንኳኑ መዋጮ ይሆናል።

የዘጌ አባል
ጀልባውን ማን አውጡት አላችሁ?

የሕግ ተማሪው
ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን መርዳት የመንግሥት ግዴታ እንደሆነ ተጽፏል። መግቢያው ላይ ላስገባው?

ጸሐፊ
አስገባው። ድንኳኑን ለማስፈቀድ ይረዳል።

ነርሷ
የእኔንም ስም አውጡት። ሰኞ እትዬን ይዤ ዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ እሄዳለሁ። ተማሪው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጊዮርጊስ በር ጠብቀኝ። ወረቀቱን ከልጃቸው ሳጥን አውጥተውልኛል።

የሕግ ተማሪው
እመጣለሁ። መታወቂያቸውንና የቤቱን ካርታ ኮፒ ይያዙ። ሲፈርሙ ማን ማን እንደነበረም ይጠይቋቸው።

የሽምብጥ እድር ሰብሳቢ
ልጁን ሳናናግር?

ገንዘብ ያዥ
ድንኳኑ ስንት በስንት ይሁን? ዓርብ ነው የሚገባው። የጋራ ማኅተሙስ ማን ጋ ነው? እኔ ጋ የለም።