ፕሮሰሰር ልቀይር ነው፤ ባዮሱን እንዴት ላድስ?

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፤ ቤቴ ሆኜ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ኮምፒውተሬ ኮር አይ3-6100 ነው፤ ባለ 2 ኮር። ጥር ሲመጣ ሥራው ይደራረባል፣ እሱ ግን አንዷን ቪዲዮ ሬንደር ለማድረግ (ያለቀውን ፋይል ለማውጣት) አሳር ያበላኛል።

የማዘርቦርዱ ቺፕሴት (ዋና ተቆጣጣሪ ቺፑ) ኤች110 ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ሶኬት ኤልጂኤ 1151። ያገለገሉ አይ7-7700 እና አይ5-8400 አግኝቻለሁ። ሻጩ «ሁለቱም 1151 ናቸው፣ ግጥም ይላሉ» አለኝ። አልተዋጠልኝም። የሶኬቱ ስም አንድ ቢሆንም 8ኛው ትውልድ (8400ው) ባለ 300 ተከታታይ ቺፕሴት ይፈልጋል፤ ኤች110 ላይ አይነሳም። ስለዚህ እሱን ትቼዋለሁ።

ልቤ ያለው 7700ው ላይ ነው፤ 4 ኮር፣ 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ 8 ሥራ ያስኬዳል)። ጣጣው ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ነው። ስከፍተው የሚያሳየው ቀን 2015 ነው (በፈረንጆቹ)፤ 7ኛው ትውልድ (7700ው) ለዴስክቶፕ የወጣው ደግሞ በ2017 መጀመሪያ። እንግዲህ ይህ ባዮስ 7700ውን አያውቀውም፤ አሮጌው ፕሮሰሰር እንደተሰካ አስቀድሜ ባዮሱን ማደስ አለብኝ።

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። እኛ ሰፈር መብራት ሳይታሰብ ድርግም ይላል። እድሳቱ መሃል ላይ ከጠፋ ቦርዱ አለቀለት ማለት ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) የለኝም። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ብሎ የሚያውሰኝ ወይም የሚያከራየኝ አለ?

ሌላው፣ የቦርዱ የሪቪዥን (የእትም) ቁጥር ጠርዙ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አሁን ግማሹ በዋስትና ስቲከር ሙጫ ተሸፍኗል። ጽሑፉን ሳላጠፋ ሙጫውን በምን ላንሳው? የተሳሳተ የባዮስ ፋይል መጫን አልፈልግም።

ደግሞ ማቀዝቀዣዬ የ51 ዋቱ 6100 ነው፤ 7700 65 ዋት ነው። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ይችለዋል ወይስ ሌላ ልግዛ?