የቻይናና የጃፓን የውጭ ምንዛሪ ክምችት፦ ለውጡን እንዴት ላወዳድር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት አገሮች የውጭ ምንዛሪ ክምችት ባለፉት ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ ላወዳድር ብዬ ቻይናንና ጃፓንን መረጥኩ። የጀመርኩት ከ2000 ነው፤ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ። ሁለቱንም በዶላር አንድ ግራፍ ላይ ሳስቀምጣቸው የቻይና መስመር ተራራ ሆነ፣ የጃፓን ደግሞ ሜዳ። ቻይና በ2000 መጨረሻ 166 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበራት፤ በጁን 2014 ወደ 4 ትሪሊዮን ተጠጋች። ጃፓን ከ360 ቢሊዮን ተነስታ አሁን ከ1 ትሪሊዮን አልፋለች። እውነት ጃፓን ይህን ያህል ዝም ብላ ነው የኖረችው? ሌላው 2022 ነው። የሁለቱም ቀንሷል። ሁለቱም ዶላር ሸጡ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን አላመንኩትም።

መልስ 1

ያሳሳተህ ግራፉ ነው። ትልቁ ቁጥር ትንሹን ይውጠዋል። ሎግ ስኬል (እኩል እርምጃ እኩል እጥፍ የሚያሳይበት መለኪያ) ተጠቀም፣ ወይም ሁለቱንም በ2000 መቶ አድርገህ ጀምር። ያኔ ጃፓን ዝም እንዳላለች ታያለህ። ከጃንዋሪ 2003 እስከ ማርች 2004 የን እንዳይጠነክርባት 35 ትሪሊዮን የን አውጥታ ዶላር ገዝታለች። በዚህም ምክንያት በ2002 መጨረሻ 470 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ክምችቷ በ2004 መጨረሻ 844 ቢሊዮን ደረሰ። ይህ በአንተ ግራፍ ላይ ትንሽ ጉብታ ነው። ቻይና ግን በ2006 መጀመሪያ ጃፓንን ቀድማ አንደኛ ሆነች፣ እስከ ዛሬም አልወረደችም።

መልስ 2

ስለ ሎግ ስኬሉ እስማማለሁ። ዋናው ችግር ግን እሱ አይደለም። ክምችት ጨመረ ማለት አገሪቱ ገዛች ማለት አይደለም፤ ቀነሰ ማለትም ሸጠች ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

ክምችቱ በዶላር ይነገር እንጂ ውስጡ ዩሮም አለ፣ የንም አለ፣ ቦንድም (ወለድ የሚከፍል የብድር ሰነድ) አለ። ዶላር ሲጠነክር የዩሮው ድርሻ በዶላር ሲሰላ ያንሳል፣ ወለድ ሲጨምር ደግሞ በእጅ ያለው ቦንድ ዋጋው ይወርዳል፣ በ2022 ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የመጡት። የቻይና ክምችት በዚያ ዓመት 120 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቀነሰ። የክፍያ ሚዛን ሰነዷን (አገሪቱ ከውጭ ጋር ያደረገችውን ግብይት የሚመዘግበውን) ብትከፍት ግን በግብይት፣ ማለትም በመግዛትና በመሸጥ በኩል ወደ 100 ቢሊዮን ጨምራለች። አልሸጠችም ማለት ነው! ጃፓን በእርግጥ ሸጣለች። የን ክፉኛ ስለወደቀ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር 9.2 ትሪሊዮን የን ለመግዛት ዶላር አወጣች፤ የንን ለመደገፍ ገበያ ስትገባ ከ1998 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ያ በዶላር ከ60 ቢሊዮን ብዙም አይበልጥም። ክምችቷ የወረደው ግን 178 ቢሊዮን ገደማ ነው። አብዛኛው የዋጋ ለውጥ ነው።

በተቃራኒውም ይሠራል። ጃፓን ከማርች 2004 እስከ ሴፕቴምበር 2010 ገበያ ገብታ ዶላር አልገዛችም። ክምችቷ ግን በ2008 መጨረሻ ከ1 ትሪሊዮን አልፎ ነበር። ወለዱና የዋጋ ለውጡ ናቸው ያሳደጉት።

ስለዚህ ሁለት ሠንጠረዥ ያስፈልግሃል። አንዱ በእጅ ያለው መጠን፣ ሌላው ከክፍያ ሚዛን የምታወጣው የግብይት ለውጥ። በ2015 የቻይና ክምችት 513 ቢሊዮን ወረደ፤ በግብይት የወጣው 343 ቢሊዮን ገደማ ነው። በኦገስት የገንዘቧን የዩዋንን ዋጋ ዝቅ ስታደርግ ገንዘብ ከአገር መሸሹ እውነት ነው፣ ግን ሙሉውን ቁጥር «ሸሸ» ብለህ ብትጽፍ 170 ቢሊዮን ያህል አጋነንክ ማለት ነው።

መልስ 3

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቁጥሮቹን ከየት እንዳመጣህ አልነገርከንም። ቻይና በየወሩ የምታወጣውና ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ቁጥር ወርቅን አይጨምርም፣ ኤስዲአርንም (የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለአባላቱ የሚያከፋፍለውን የመጠባበቂያ ሀብት) አይጨምርም። የጃፓን የገንዘብ ሚኒስቴር ዋና ቁጥር ግን ሁሉንም ይዟል። ሁለቱን እንዳሉ ጎን ለጎን ካስቀመጥክ ከመነሻው የተለያየ ነገር ነው የምታወዳድረው። ለሁለቱም ወርቅ ያልገባበትን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ውሰድ።

በኦገስት 2021 የምታየው ዝላይም አያታልልህ። ድርጅቱ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኤስዲአር ለአባል አገሮች ሁሉ ያከፋፈለው ያኔ ነው፤ ለሁለቱም 40 ቢሊዮን አካባቢ ደርሷቸዋል። ሠርተው ያገኙት አይደለም። ወርቅ ልጨምር ካልክ ደግሞ ቻይና በ2015 አጋማሽ ከ1,054 ቶን በአንዴ 1,658 ቶን ብላ አስታወቀች። ከ2009 ጀምሮ ያንኑ 1,054 ስትደግም ነበር። ግራፉ ላይ የአንድ ወር ግዢ ይመስላል፣ የተሰበሰበው ግን በስድስት ዓመት ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። እውነትም የቻይናው ወርቅ የሌለበት፣ የጃፓኑ ያለበት ነበር። አሁን ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ አውርጃለሁ፣ የግብይት ለውጡን ለብቻ በባር ከታች አድርጌዋለሁ። ጃፓን 2003 እና 2004 ላይ ጎልታ ወጣች። የ2022ቱን አንቀጽ ሰርዤ እንደገና እየጻፍኩት ነው።