ፉትቦል ማኔጀር (የእግር ኳስ ክለብ የሚመራበት የኮምፒውተር ጨዋታ)፦ የ17 ዓመት አማካይ በውሰት (ለጊዜው ለሌላ ክለብ) ይሰጥ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ጓዶች። ልጁ ተስፋ አለው፤ ዋናው ቡድን ውስጥ ግን ቦታ የለውም። በውሰት የሚፈልጉት ክለቦች በርከት ብለዋል። ለማን፣ በምን ውል ልስጠው?

መልስ (ሸዋሮቢት)፦ ወንድሜ፣ አትቸኩል። በዚህ ዕድሜ ከጨዋታ ይልቅ ጥሩ የልምምድ ሜዳና ጥሩ አሠልጣኝ ነው የሚያሳድገው። ያንተ ክለብ ይህ ካለው ከዋናው ቡድን ጋር ይለማመድ፣ ለተስፋ ቡድኑ ይጫወት። 18 ሲያልፍ በየሳምንቱ መሰለፍ ያስፈልገዋል፤ ያኔ ስጠው።

መልስ (መሐል ሜዳ)፦ ስትሰጠውም የክለቡን ስም አትይ። ቡድናቸውን ከፍተህ በእሱ ቦታ ማን እንዳለ እይ፤ የሚበልጡት ካሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይከርማል። ውሉ ላይ መደበኛ ተሰላፊ የሚለውን ምረጥ፣ የሚጫወትበትንም ቦታ ወስን፤ አለዚያ አማካይህን የመስመር ተከላካይ ያደርጉታል። ደመወዙን በሙሉ ክፈሉ ብለህ አታስጨንቃቸው፤ ትንንሾቹ ክለቦች በዚህ ይሸሻሉ፣ የሚያሰልፉት ደግሞ እነሱ ናቸው። በኋላ ልጁን የመግዛት አማራጭ ካስገቡ ሰርዘው። መልሶ የመጥራት መብት ግን የግድ ይኑርህ።

ጠያቂ፦ መልሶ መጥራቱ ሁልጊዜ ይሠራል?

መልስ (መሐል ሜዳ)፦ እንደ ሊጉ ደንብ ነው። አንዳንዱ የሚፈቅደው በዝውውር መስኮት (ክለቦች ተጫዋች በሚዘዋወሩበት ጊዜ) ብቻ ስለሆነ፣ የጥር ወሩ መስኮት ሳይዘጋ የውሰት ሪፖርቱን (እዚያ እንዴት እየተጫወተ እንደሆነ የሚያሳየውን) አንብበህ ወስን።