እየሠራ ያለ ፕሮግራም ሜሞሪ ውስጥ ገብቶ ቁጥር መቀየር መብት ነው?

ጥያቄ አቅራቢ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሶኒ ዳቴል የሚባለውን ድርጅት ከሶት ነበር። ዳቴል ለፒኤስፒ (በእጅ ለሚያዘው የሶኒ የጌም ማሽን) የሸጠው ሶፍትዌር ሞተርስቶርም አርክቲክ ኤጅ በሚባለው የእሽቅድምድም ጌም ላይ ቱርቦው፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ የሚሰጠው ተጨማሪ ፍጥነት፣ እንዳያልቅ ያደርጋል። የጌሙን ኮድ አይነካም። ጌሙ እየሠራ ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ የሚያስቀምጣቸውን ቁጥሮች ብቻ ነው የሚቀይረው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2024 ይሄ የቅጂ መብት መጣስ አይደለም ብሎ ወሰነ። እኔ ፍርዱን እደግፋለሁ። ገዝቼው በቤቴ በተቀመጠ ማሽን ራም ላይ ያለ ቁጥር የእኔ ነው። እናንተስ?

ጌም ሠሪዋ፦
አልስማማም። ቱርቦው ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ለመወሰን ሳምንታት እንለፋለን። ስንት ጊዜ ሞክረን፣ ቀይረን፣ መልሰን ሞክረን ነው። ጌም ማለት እሱ ሚዛን ነው። ያንን የሚያፈርስ ነገር የሚሸጥ ሰው በእኔ ላብ እየነገደ ነው።

ጥያቄ አቅራቢ፦
ልፋትሽ ይገባኛል እህቴ። ግን ሕጉ የሚጠብቀው የጻፍሽውን ኮድ ነው። ስጫወት የሚመጣው ቁጥር አንቺ የጻፍሽው አይደለም፣ ከእኔ አጨዋወት የተወለደ ነው።

ተማሪው፦
እኔ ፕሮግራሚንግ የገባኝ በዚህ ነው። ቺት ኤንጅን የሚባለውን፣ የሌላ ፕሮግራም ሜሞሪ ውስጥ ቁጥር ፈልጎ የሚቀይር ፕሮግራም ከፈትኩ። ብቻዬን የምጫወተው ጌም ላይ 1250 ብር ነበረኝ። 1250ን ፈልግ አልኩት፣ ያ ቁጥር ያለበትን በሺህ የሚቆጠር የሜሞሪ አድራሻ ዘረገፈልኝ። ጌሙ ውስጥ ገብቼ ዕቃ ገዛሁ፣ ብሩ 1100 ሆነ። ከመጡት ውስጥ አሁን 1100 የሆነውን ለይልኝ ስለው ሦስት ቀሩ። አንዱን 9999 አደረግኩት፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ብርም ተቀየረ! በማግስቱ ጌሙን ስከፍት ግን አድራሻው ሌላ ሆኗል። ፖይንተር (የሌላ ነገርን የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ቁጥር) ለምን እንደሚያስፈልግ ክፍል ውስጥ ስንቴ ተነግሮኝ ያልገባኝ ያን ቀን ገባኝ። ይሄ ወንጀል ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ኮድ አልጽፍም ነበር።

የሴኪዩሪቲ ባለሙያ፦
ጌሙን ለጊዜው ተዉት። ዊንዶውስ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ የሚያነብበትና የሚጽፍበት መንገድ አለው። ስህተት የምንፈልግበት ዲበገር በሱ ይሠራል። የፓስዎርድ ሌባም በዚያው በር ይገባል። ኤልሳስ የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም የመግቢያ መረጃችሁን ሜሞሪው ላይ ስለሚይዝ አጥቂዎች እሱን ማንበብ ይወዳሉ። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ፕሮግራም ራሱ ያስነሳውን ካልሆነ በዲበገር መንገድ እንዳይነካ የከለከለው ለዚህ ነው። ባለቤቱ ሩት በሚባለው ሙሉ ሥልጣን ባለው አካውንት ሲያዝ ግን ይከፈታል። መስመሩ እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ፕሮግራም በፕሮግራም ላይ ይዘጋ፣ ለባለቤቱ ይከፈት።

የጌም ቤት ባለቤት፦
ኦንላይን ሲሆንስ ልጆቼ? እኔ ጋ የሚመጡት በሰዓት ከፍለው ነው። ከዚያኛው ወገን አንዱ በግድግዳ አሳልፎ የሚያይበት ቺት ይዞ ሲገባ የእነዚህ ገንዘብ ውኃ በላው። ባለፈው አንድ ትንሽ ልጅ አልቅሶብኝ ወጣ።

ጥያቄ አቅራቢ፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ሜዳው የጋራ ከሆነ ቁጥሩ የእኔ ብቻ አይደለም። ግን ጌም ሠሪዎቹ ወሳኙን ነገር ሰርቨር (የራሳቸው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ቢያስቀምጡት ማን ይደርስበታል?

ጌም ሠሪዋ፦
ሁሉ ነገር ሰርቨር ላይ አይቀርም። ተቃራኒህ ከግድግዳው ጀርባ ብቅ ሲል ወዲያው እንድታየው ቦታውን ቀደም ብዬ ለማሽንህ መላክ አለብኝ። ከተላከ ይነበባል። ራዮት የሚባለው ጌም ሠሪ ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ቫሎራንት ለሚባለው የኦንላይን ተኩስ ጌሙ ቫንጋርድ የሚባለውን ፀረ-ቺት ፕሮግራም ያመጣው ወዶ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ከርነል (ሁሉን የሚያዝዘው የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።

የሴኪዩሪቲ ባለሙያ፦
ከርነል ውስጥ ያለ ነገር የሁሉንም ፕሮግራም ሜሞሪ ማየት ይችላል፣ የእኔን ፓስዎርድ ጭምር። ሲሳሳትም ማሽኑን ይዞ ነው የሚወድቀው። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የሚባለው የሴኪዩሪቲ ድርጅት ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ። እሱ እንኳ ጥበቃ ነበር። ለጌም ብዬ ያንን ቁልፍ አልሰጥም።

ጌም ሠሪዋ፦
ብቻውን ለሚጫወት ሰው እሺ፣ ተውኩት። የተማሪውን ታሪክ ሳነብ ልቤ ራራ። ለኦንላይኑ ግን ከከርነል የተሻለ መንገድ ያለው ሰው ካለ ከልቤ መስማት እፈልጋለሁ።

የጌም ቤት ባለቤት፦
እኔ ታዲያ ቫንጋርድን ልጫነው ወይስ ይቅርብኝ?

የሴኪዩሪቲ ባለሙያ፦
ጋሼ፣ ለጌም ብቻ በተመደቡት ማሽኖች ላይ ይጫኑት። ባንክዎን የሚከፍቱበት ኮምፒውተር ላይ ግን በፍጹም።