ቫሪኮስ ከወጣ በኋላ የቀረ መደንዘዝና ጠጣር ገመድ

ሰላም፣ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና የምትሠሩ ካላችሁ አግዙኝ። ቫሪኮስ (ያበጡና የተጠማዘዙ የእግር ደም መላሾች) የወጣላት አንዲት ታካሚ ላይ ተቸግሬያለሁ።

ሰፌነስ የሚባለው ረጅሙ ደም መላሽ ብሽሽት ላይ ታስሮ ተቆርጦ፣ በሽቦ እስከ ቁርጭምጭሚት ተነቅሏል። የባት ቅርንጫፎቹም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሆኑ ቀዳዳዎች በመንጠቆ ወጥተዋል። አሁን 5ኛ ሳምንቱ ነው። ስፌቱ ደርቋል፤ መግልም ትኩሳትም የለም።

ከጉልበት በታች በውስጥ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ደንዝዟል፤ ካልሲ ሲነካው ይለበልባል። እዚያ የሰፌነስ ነርቭ ደም ሥሩን ታክኮ ስለሚወርድ አብሮ መጎዳቱ አያስገርምም። (ብዙዎች ነቀላውን ጉልበት ጋ የሚያቆሙት ለዚሁ ነው፤ እዚህ ለምን እንዳልቆሙ መዝገቡ አይናገርም።) የቸገረኝ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ 4 ጣት ከፍ ብሎ መታ ሲደረግ እስከ እግር የሚነዝር ነጥብ መኖሩ ነው። ነርቩ እያገገመ ነው ወይስ ጠባሳ ይዞታል? ስንት ወር ጠብቃችሁ ነው ወደ ነርቭ ሐኪም የምትልኩት?

ጭኑ ውስጥ ደግሞ እንደ እርሳስ የሚዳሰስ ገመድ አለ። በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳይ አልትራሳውንድ) ጥልቆቹ ደም መላሾች ክፍት ናቸው፣ ባቱም አላበጠም፤ ስለዚህ የተነቀለው ሥር በነበረበት መንገድ የረጋ ደም ይመስለኛል። እንዲሁ ይሟሟል ብዬ ልተወው? ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጫነው ካልሲ ጭን ላይ እየተጠቀለለ እንደ ገመድ ያስራል፤ በጉልበት ልክ ብቀይረው ጭኑን የሚይዝልኝ ምንድን ነው?